የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ባዮስ፦ እንዴት ይገባል፣ ውስጡስ ምን አለ?

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሷል። ባዮስ ይባላል። የሚቀመጠው ሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ቢነቀልም፣ ቢበላሽም፣ ፎርማት ቢደረግም ባዮስ ከቦታው አይነቃነቅም። ፕሮሰሰሩ መብራት እንዳገኘ መጀመሪያ የሚያነበው የእሱን ትእዛዝ ነው። ባዮስ ራሙን፣ ኪቦርዱን፣ የስክሪን ካርዱንና ዲስኮቹን ይፈትሻል። ራም ካጣ ስክሪን ላይ መጻፍ ስለማይችል ቢፕ ቢፕ እያለ ይጮኻል። ሁሉም ደህና ከሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ ፈልጎ ሥራውን ያስረክባል።

ባዮስ የራሱ የሴቲንግ ገጽ አለው። የትኛው ዲስክ ይቅደም፣ ቀንና ሰዓቱ ስንት ነው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ምን ያድርግ፣ ፓስወርድ ይኑር ወይስ አይኑር የሚወሰነው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ይፈራዋል። እኔ ግን ሁሉም ተጠቃሚ ቢያንስ ገብቶ ሊያየው ይገባል ባይ ነኝ። "ሞቷል" ተብሎ ስቶር የተወረወረ ዴስክቶፕ አንዳንዴ የጎደለው አንድ ሴቲንግ ወይም አንዲት ትንሽ ባትሪ ብቻ ነውና።

ቁልፉ ለምን ይለያያል?

"ባዮስ ውስጥ ለመግባት የቱን ልጫን?" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። ምክንያቱ ከታሪኩ ይመጣል። አይቢኤም በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ የሚገባበት የሴቲንግ ገጽ አልነበረም። ምን ያህል ራም እንዳለ፣ ስንት የፍሎፒ ድራይቭ እንደተገጠመ ለማሽኑ የሚነገረው ማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎችን ወደላይና ወደታች በማድረግ ነበር። በ1984 የመጣው የአይቢኤም ኤቲ ሴቲንጉን በባትሪ በሚሠራ 64 ባይት ብቻ በሚይዝ ማስታወሻ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። ሲሞስ የሚባለው ነገር የመጣው ያኔ ነው። ሴቲንጉን ለመቀየር ግን ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን ፍሎፒ ማስገባት ግድ ነበር።

የአይቢኤም ባዮስ ኮድ በቴክኒክ መመሪያው ታትሞ ስለነበር ማንም ሊያነበው ይችል ነበር። መገልበጥ ግን በሕግ ያስጠይቃል። ኮምፓክ የተባለው ሌላ የኮምፒውተር አምራች መላ አገኘ። አንዱ ቡድን ኮዱን አንብቦ "ይህ ነገር ምን ይሠራል" የሚለውን ብቻ ጻፈ። ኮዱን በዓይኑ ያላየ ሌላ ቡድን ደግሞ ያንን መግለጫ ይዞ የራሱን ባዮስ ከዜሮ ሠራ። ፊኒክስ የሚባለው ድርጅት በዚያው ዘዴ የሠራውን ባዮስ ከ1984 ጀምሮ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ያዘ። አዋርድና ኤኤምአይ ተከተሉ። የሴቲንግ ገጹም እየቆየ ቺፑ ውስጥ ገባ፤ ፍሎፒው ቀረ። የመግቢያ ቁልፉን ግን እያንዳንዱ ድርጅት የመሰለውን መረጠ። ዛሬም ድረስ የወጣ ደንብ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማሽኑ ወይም የማዘርቦርዱ ስም ነው። ዴል ከሆነ ኤፍ2 ነው። ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10 ነው፤ እስኬፕ ብትጫኑም ምርጫዎቹን የሚያሳይ ሜኑ ይመጣል። የሌኖቮ ቲንክሴንተር በኤፍ1 ይገባል። እቤት የተገጣጠመ ማሽን ከሆነና ማዘርቦርዱ አሱስ፣ ጊጋባይት፣ ኤምኤስአይ ወይም አዝሮክ ከሆነ ዲሊት ይሠራል። አሱስና አዝሮክ ኤፍ2ንም ይቀበላሉ። ኢንቴል በስሙ ያወጣቸው ቦርዶች በኤፍ2 ይገባሉ። ስሙ ካልታወቀ ኬዙን ከፍቶ ማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከመገመት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከፍላሽ ዊንዶውስ ለመጫን ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዮስ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበት የቡት ሜኑ የራሱ ቁልፍ አለው። በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9፣ በአሱስ ኤፍ8፣ በጊጋባይት ኤፍ12፣ በኤምኤስአይና በአዝሮክ ኤፍ11 ነው። በዚህ መንገድ ምንም ሴቲንግ ሳይነካ ሥራው ያልቃል።

ጊዜውን መያዝ

ትክክለኛውን ቁልፍ ይዘውም የማይሳካላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጣቸው ሰዓቱ ነው። ባዮስ ቁልፉን የሚያዳምጠው የአምራቹ ምልክት ስክሪኑ ላይ በሚታይበት አጭር ጊዜ ነው። ማሽኑን አብርታችሁ ወዲያው ቁልፉን ደጋግማችሁ መታ መታ አድርጉ። ተጭናችሁ አትያዙት፤ አንዳንዱ ማሽን "ኪቦርዱ ላይ የተጣበቀ ቁልፍ አለ" ብሎ ስህተት ያሳያል። የዊንዶውስ ምልክት ከታየ አልፏል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መብራቱን ከግድግዳ መንቀል አያስፈልግም። ዊንዶውሱ ይነሳና በደንቡ ሪስታርት ይደረግ።

ኪቦርዱንም ተመልከቱ። በብሉቱዝ የሚገናኝ ኪቦርድ በዚያ ሰዓት ገና አልተገናኘም። ባለ ሽቦ ኪቦርድ ከኬዙ ኋላ ባለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ መሰካት ይመረጣል። ኪቦርዱ መንቃቱን ለማወቅ ነም ሎክ መብራቱን ማየት ይበቃል። ስክሪኑ ዘግይቶ የሚነቃ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ሳይታይ ሊያልፍ ስለሚችል ምንም ባይታይም መምታቱን ቀጥሉ።

በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ነገሩን ትንሽ አወሳሰበው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዊንዶውሶች ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የሥራቸውን ግማሽ ዲስክ ላይ አስቀምጠው ያንቀላፋሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም። ባዮሱም በበኩሉ ለመፍጠን ሲል የኪቦርድ ፍተሻውን የሚዘልበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ እጅ አይደርስበትም። መፍትሔው ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ መጠየቅ ነው። ሺፍትን ተጭናችሁ ይዛችሁ ሪስታርት የሚለውን ክሊክ አድርጉ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ትራብልሹት፣ ቀጥሎ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎ ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ የሚለውን ምረጡ። ማሽኑ እንደገና ተነስቶ በቀጥታ ባዮስ ውስጥ ያስገባችኋል። ይህ ምርጫ ከሌለ ዊንዶውሱ የተጫነው ሌጋሲ በሚባለው የድሮው ባዮስ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወደ ቁልፉ መመለስ ነው።

ዊንዶውሱም አልነሳ፣ ቁልፉም አልሠራ ካለ ማሽኑን ከመብራት ነቅላችሁ የዲስኩን ኬብል ለጊዜው ንቀሉት። ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። ባዮሱ ሥራ የሚያስረክበው ሲያጣ ቆም ይላል። ዴል ላይ በጥቁር ስክሪን "የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም" የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ይወጣል። ከሥሩ እንደገና ለመሞከር ኤፍ1ን፣ ወደ ሴቲንግ ለመግባት ኤፍ2ን ተጫኑ ይላል። ያኔ ጊዜው የእናንተ ነው።

ውስጡ

የድሮው ባዮስ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ገጽ ሆኖ በቀስት ቁልፎች ብቻ የሚኬድበት ነው። ማውዝ አይሠራም። አዲሱ ሥዕልና ማውዝ አለው፤ ስሙም ዩኢኤፍአይ ነው። ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሌላ ፕሮሰሰር ብሎ የጀመረው ሥራ ነበር። ከ2005 ወዲህ የብዙ ድርጅቶች ማኅበር ይመራዋል። የድሮው ባዮስ የሚያነሳው የዲስክ አከፋፈል ከ2 ቴራባይት በላይ ማየት አይችልም። አዲሱ ይህን ገደብ አስቀርቷል። ሰው ግን አሁንም ሁለቱንም ባዮስ ነው የሚላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እንለዋለን።

ምንም ከመንካት በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። ይህን የሚያደርግ ሰው መመለሻው አይጠፋውም። በአብዛኛው ኤፍ10 አስቀምጦ ይወጣል። ያላሰባችሁትን ነገር ከነካችሁ ሳያስቀምጡ መውጣት የሚለውን ምረጡ። ምንም አልተለወጠም።

በእኛ አገር ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ከባትሪው ነው። ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ማዘርቦርዱ ላይ አለች። ማሽኑ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራት ካለ ሰዓቱ የሚመገበው ከመብራቱ ነው። ባትሪዋ የምትበላው መብራት ሲቋረጥ ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት፣ ማታ ማታ ማከፋፈያው በሚጠፋበት ቢሮ ባትሪዋ ቶሎ ታልቃለች።

ቆየት ያለ የዴል ኦፕቲፕሌክስን እንውሰድ። በቢሮዎችና በኢንተርኔት ካፌዎች የተለመደ ማሽን ነው። ባትሪዋ ስታልቅ መጀመሪያ ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። ብሮውዘሩ ቀኑ ከድረ ገጾቹ የደህንነት ሰርተፊኬት ጋር ስለማይጣጣም "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" እያለ አልከፍትም ይላል። ተጠቃሚው ኢንተርኔቱን ይረግማል። ቀጥሎ ሴቲንጉ ሁሉ ከፋብሪካ ወደመጣበት ይመለሳል። የዴል ፋብሪካ ሴቲንግ ዲስኩን በሬይድ መንገድ እንዲነበብ ያደርገዋል። ዊንዶውሱ ኤኤችሲአይ በሚባለው ሌላው የዲስክ ማንበቢያ መንገድ ከተጫነ ዲስኩን ማንበብ ያቅተዋል። ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ እየተነሳ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ "ፎርማት ይደረግ" የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ የቢሮው ፋይልም አብሮ ይጠፋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። መድኃኒቱ አዲስ ባትሪ ማስገባት፣ በኤፍ2 መግባት፣ ሳታ ኦፐሬሽን የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ መመለስና ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ፋይሉ አንድም አይነካም።

ሰዓቱን ስታስተካክሉ በፈረንጆች ቀን መሆኑን አትርሱ፤ ብዙው ማሽን ወርን ከቀን ያስቀድማል። የሰዓት አቆጣጠሩም ባለ 24 ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ የሚጻፈው 14 ነው።

መብራት ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚለው ሴቲንግ ዴል ላይ ኤሲ ሪከቨሪ፣ ኤችፒ ላይ አፍተር ፓወር ሎስ ይባላል። ሦስት ምርጫ አለው፤ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይብራ፣ ወይም ወደነበረበት ይመለስ። ቢሮ ውስጥ ለሁሉም ፋይል የሚያቀብል ማሽን ካለ "ይብራ" ማለት ሌሊት ሰው ሳይኖር እንዲነሳ ያደርጋል። ለተራው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን "ጠፍቶ ይቆይ" እላለሁ። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሄዶ ተመልሶም ሊሄድ ይችላል። ማሽኑ በዚያ መሃል ባይነሳ ይሻለዋል።

ከዊንዶውስ 11 በኋላ ባዮስ የሚገባው ሰው በዝቷል። በ2021 የወጣው ይህ ሲስተም ቲፒኤም 2.0 (የምስጢር ቁልፎችን የሚይዝ የደህንነት ክፍል) እና ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክል) ይጠይቃል። ማሽኑ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ጠፍቶ ይሆናል። ቲፒኤሙ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ይገኛል። ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ መቀየር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዊንዶውሱ በድሮው የዲስክ አከፋፈል ከተጫነ አይነሳም። መጀመሪያ አከፋፈሉን ማይክሮሶፍት ባዘጋጀው መሣሪያ መለወጥ ነው። አከፋፈሉን ሳትለውጡ ቀይራችሁ ካልተነሳላችሁ ግን ወደ ሌጋሲ መልሱት፤ እንደነበረው ይነሳል።

በእውነት አደገኛ የሆነው አንድ ሥራ ባዮሱን ራሱን ማዘመን ነው። ቺፑ ላይ ያለው ፕሮግራም ተሰርዞ አዲስ ሲጻፍ መብራት ከሄደ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። በሚያዝያ 1999 ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ የባዮስ ቺፑን እየደመሰሰ ብዙ ኮምፒውተር አስተኛ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ሳይኖር፣ አስገዳጅ ምክንያት ሳይኖርም አይሞከር። አንዳንድ የጊጋባይት ቦርዶች ለዚህ ሲሉ ሁለተኛ የመጠባበቂያ ባዮስ ይዘው ይመጣሉ።

የቀረው ፓስወርድ ነው። ባዮስ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ማሽኑ ሲነሳ የሚጠየቅ ነው፤ ሌላው ሴቲንጉን ለመለወጥ ብቻ ነው። በኢንተርኔት ካፌ ሁለተኛው በቂ ነው። ፓስወርዱ ከተረሳ በቆዩ ማሽኖች ከመብራት ነቅሎ ባትሪዋን ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ያጠፋዋል። ዴል ዴስክቶፖች ላይ ለዚህ ብቻ የተሠራ ጃምፐር (ሁለት ፒኖችን የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) ማዘርቦርዱ ላይ አለ። በአዳዲሶቹ የቢሮ ማሽኖች ላይ ግን ባትሪ ማውጣት ፋይዳ የለውም። ስለዚህ ያገለገለ ዴስክቶፕ የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት አስነሱትና ባዮሱ ውስጥ ግቡ። ፓስወርድ ከጠየቀ ሻጩ ራሱ ያንሳላችሁ። ካልቻለ ሌላ ማሽን ያሳያችሁ።