ምልክቱን አይቶ መግዛት፦ ስለ ርካሽ ላፕቶፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመንዝ በግ የሚገዛ ሰው ላቱን ሳይጨብጥ፣ ጥርሱን ገልጦ ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። ይኸው ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲገባ ግን ኪቦርዱ ሥር የተለጠፈችውን ትንሽ ምልክት አንብቦ ይከፍላል። ሻጩም ገዢው ከምልክቷ አልፎ እንደማይጠይቅ ስለሚያውቅ ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ አይሰጥም።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ከዓለም ከተማ እስከ ሸዋ ሮቢት ሰው ላፕቶፕ ሊገዛ ሲመካከር የሚደጋገሙ አባባሎች ናቸው። አንዳንዶቹ ከመነሻውም ስህተት ናቸው፤ ሌሎቹ በጊዜያቸው እውነት ነበሩ፣ ጊዜያቸው ግን አልፏል። የማወራው ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ኤክሴል ለሚሞላ፣ በፒችትሪ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ፈተና ለሚያዘጋጅ መምህርና ማታ ቤቱ ፊልም ለሚያይ ሰው ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ሰው ሌላ ምክር ያስፈልገዋል።

«ኮር አይ7 ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው። አይ3፣ አይ5 እና አይ7 የሚባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ማሰቢያ ክፍል፣ ስያሜዎች ማን ከማን እንደሚበልጥ የሚናገሩት በአንድ ዘመን የወጡትን ስናነጻጽር ነው። ዘመናቸው ሲለያይ ደረጃው ሊገለበጥ ይችላል። አይ7 7500ዩ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ፕሮሰሰር ሲሆን ያሉት ኮሮች፣ ማለትም ሥራውን የሚካፈሉ ክፍሎች፣ ሁለት ብቻ ናቸው። በዓመቱ የተከተለው አይ5 8250ዩ አራት ኮር ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይ3 1215ዩ ደግሞ ስድስት አለው፤ አራቱ ኃይል ቆጣቢ ትንንሽ ኮሮች ቢሆኑም ለቢሮ ሥራ ያንን አሮጌ አይ7 በሰፊው ይበልጠዋል። ሱቅ ውስጥ ግን በአይ7ቱ ላይ ከፍ ያለ ዋጋ ሲጠራበት መስማት የተለመደ ነው።

ትውልዱን፣ በገበያው አነጋገር ጄኔሬሽኑን፣ ለማወቅ የሻጩ ቃል አያስፈልግም። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ብትከፍቱ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይወጣል። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር በ1 ከጀመረ ትውልዱን የሚነግሯችሁ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ናቸው፤ 1215 አሥራ ሁለተኛ፣ 1035 አሥረኛ ማለት ነው። በሌላ አኃዝ ከጀመረ የመጀመሪያውን ብቻ ውሰዱ፤ 8250 ስምንተኛ፣ 4600 አራተኛ። «አይ7» ተብሎ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ካያችሁ የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ አመስግናችሁ መልሱለት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲሶቹ ላይ «አይ» የምትለዋን እየተወ «ኮር 5» ወይም «ኮር አልትራ 5» ማለት ስለጀመረ፣ «አይ የለውም፣ ፎርጅድ ነው» ብላችሁ ደህናውን ዕቃ እንዳትገፉ።

የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ራይዘንም የራሱ ወጥመድ አለው። ራይዘን 3 7320ዩ በስሙ ሰባት ሺህ ይባል እንጂ ውስጡ እ.ኤ.አ. በ2019 የተዋወቀው ዜን 2 የሚባል ንድፍ ነው። ለቢሮ ሥራ መጥፎ አይደለም፤ የአዲስ ቴክኖሎጂ ዋጋ ሲጠየቅበት ግን መደራደሪያ ይሆናችኋል።

ከኢንቴል ስምንተኛውን ትውልድ ድንበር አድርጉት፣ ከዚያ በታች አትግዙ እላለሁ፤ ከኮሮቹ ቁጥር ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በስተቀር በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ኢንቴሎች ነው፤ በላፕቶፕ ራይዘኖች በኩል በ3000 ከሚጀምሩት ወዲህ ያሉት ያልፋሉ። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ በመላ የተጫነ ዊንዶውስ 11 ይሠራል፤ ዝማኔው እንዲቀጥል ግን የሚዋስለት የለም።

«ከካርቶን የወጣ አዲስ፣ ካገለገለ ሁልጊዜ ይሻላል»

በጀቱ ሰፊ ከሆነ እስማማለሁ። በጠባብ በጀት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከካርቶን የሚወጣው እጅግ ርካሹ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ እንደ ሴሌሮን ኤን4020 ያለ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ማለትም ሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዝ ማኅደረ ትውስታ፣ እና ኢኤምኤምሲ የሚባል 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይዞ ይመጣል። 64 ጊጋባይት ዊንዶውስ 11 ራሱ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ ነው። ጥቂት ዝማኔዎች ከወረዱ በኋላ ቦታ አልቋል የሚለው ማስጠንቀቂያ ይጀምራል። ማከማቻውና ራሙ በአብዛኛው ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ ባለሙያም አያሳድጋቸውም።

በዚያው ገንዘብ ገደማ በውጭ አገር ድርጅቶች አገልግለው የመጡ የቢሮ ላፕቶፖች ይገኛሉ። ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲትዩድ 5490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ፣ በስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር የሚገኙ፣ ራማቸውና ዲስካቸው የሚቀየር ናቸው። እኔ ብመርጥ ያለ ማመንታት ከሴሌሮኑ ይልቅ ከእነዚህ አንዱን እወስዳለሁ።

ያገለገለ ሲገዛ ግን መዳበስ ግድ ነው። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ ማጠፊያው ከተንቋቋ ወይም የስክሪኑ ጠርዝ ከፕላስቲኩ ከተላቀቀ ዕድሜው አጭር ነው። ኖትፓድ ክፈቱና እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ንኩ፣ የአማርኛ ጽሑፍ በሺፍት ስለሚበዛ ሁለቱንም ሺፍቶች አትርሱ። ዩኤስቢዎቹ ላይ በየተራ ፍላሽ ሰኩ። ከዚያ አጥፍታችሁ ስታስነሡት ወደ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሣው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ግቡ፤ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በቲንክፓድ ኤፍ1 ነው። እዚያ የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞው ድርጅት ቁልፍ አልተፈታም ማለት ነው። «ፎርማት እናደርገዋለን» ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ የባዮስ ቁልፍ በፎርማት አይጠፋም።

«1 ቴራባይት እያለ 256 ጊጋባይት ምን ያደርጋል?»

1 ቴራባይቱ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ 256ቱ ኤስኤስዲ ከሆነ ሁለተኛውን ውሰዱ። ኮምፒውተር ተነሥቶ ለሥራ እስኪደርስ፣ ኤክሴል እስኪከፈት የምንጠብቀው ጊዜ በአብዛኛው የዲስኩ ነው። የሃርድ ዲስኩ አንባቢ ጭንቅላት እየተንቀሳቀሰ ፋይሉን ይፈልጋል፤ በኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የደብዳቤና የሒሳብ ፋይል ደግሞ ቦታ አይፈጅም። ፊልም የሚያከማች ሰው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በውጭ መያዣ አድርጎ ሊጠቀምበት ይችላል።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ የሚጨመር ነገር አለ። የሃርድ ዲስክ ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳሕን በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ነው፤ አየር ሲሳሳ ይህም ይሳሳል። ለዚህም ነው አምራቾች በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ የሥራ ከፍታ ጣሪያ ብለው 3,048 ሜትር የሚያስቀምጡት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። መንዝ ላይ ያለ ሃርድ ዲስክ ሁሉ ነገ ይበላሻል ማለት አይደለም፣ ለዓመታት ያገለገሉ አሉ። ሳይጠፋ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ በኮረኮንች መንገድ ሲናጥ ግን ያ ስስ ሽፋን ያለው መጠባበቂያ ጥቂት ነው።

«ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም ያስፈልጋል»

ለተባለው ሥራ 8 ይበቃል። 4 አይበቃም። ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠየቀው ትርፍ የራም ማስገቢያ አለው ወይ የሚለው ነው።

«ደጋ ነን፣ ብርዱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል»

ብርዱ ይረዳል፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የላፕቶፑ ማራገቢያ ሙቀትን የሚያስወጣው አየር ስቦ በመግፋት ነው፤ በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የሚብሰው ደግሞ በብርድ ምሽት አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ላፕቶፑን እላዩ ላይ ማስቀመጥ ነው። የአየር መግቢያው ከሥሩ ስለሆነ ጸጉራሙ ብርድ ልብስ ይደፍነዋል፣ ብናኙም ወደ ውስጥ ይሳባል። ተከፍቶ ሲጸዳ ማራገቢያው ላይ የተጠቀለለው ግራጫ ጥጥ ከየት እንደመጣ ባለቤቱ ይገርመዋል።

ውርጭ በሚወርድባቸው የጥቅምትና የኅዳር ሌሊቶች መኪና ውስጥ ያደረ ላፕቶፕ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ በውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ይችላል። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳይበራ ይቆይ፤ ቻርጅም አይደረግ፤ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እያለ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ይጎዳል።

ጣርማ በርን ተሻግረው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ጉዳዩ ይገለበጣል። እዚያ ጠላቱ ሙቀትና አቧራ ነው። ማሾና ሽንኩርት የሚነግድ ሰው መጋዘኑ ውስጥ ላፕቶፑን ቀኑን ሙሉ ሰክቶ ሲያውለው ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይሞቃል፤ የሊቲየም ባትሪን እንደ ሙላትና ሙቀት አንድ ላይ የሚያስረጀው ነገር ጥቂት ነው። በብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ቻርጁ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲቆም የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ በአምራቹ ፕሮግራም ወይም በባዮስ ውስጥ ይገኛል። ለቆላ ደንበኛ መጀመሪያ የሚበራለት ይህ ቢሆን ጥሩ ነው።

«ሁልጊዜ ሰክቼ ስለምሠራ ባትሪው ቢሞትም ግድ የለኝም»

መብራት ሳይቆራረጥ በሚውልበት አገር ቢሆን እቀበለው ነበር። እዚህ ግን ደህና ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር በድንገት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠው ሥራ ይጠፋል፣ የፒችትሪ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ባትሪውን ስትፈትሹ «አራት ሰዓት ይቆያል» የሚለውን ተዉትና የባትሪ ሪፖርት እንዲወጣ ጠይቁ። ዊንዶውስ በትእዛዝ መስኮቱ በኩል ያወጣዋል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ይቀነስ።

«ስታቢላይዘር ከሌለህ ይቃጠላል» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይነሣል። የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ፤ አብዛኛዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበሉ ተጽፏል። ስለዚህ የመብራት መድከም ራሱ ችግር አይደለም። የሚያሰጋው ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ቅጽበታዊ ግፊት ነው፤ ያንን ደግሞ ዘገምተኛ ስታቢላይዘር አይደርስበትም። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ተመልሶ ከረጋ በኋላ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። ከግፊት የሚከላከል ማከፋፈያ ከተገኘ ደግሞ ይጨመርበት።

«ለአማርኛ ልዩ ፕሮግራም የተጫነበት መሆን አለበት»

የአማርኛ ኪቦርድ ከቪስታ ዘመን ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ከቋንቋ ማስተካከያው ማብራት ብቻ ነው። አጻጻፉ ያልተመቸው ኪይማን የሚባለውን በነጻ ይጭናል። መሥሪያ ቤታችሁ ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት በነበሩ ፊደላት የተጻፉ ሰነዶች ካሉት ግን ያ ፊደል ከሌለ ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣልና፣ አንድ አሮጌ ሰነድ በፍላሽ ይዛችሁ ሱቁ ውስጥ ክፈቱት።

«ርካሽና ኦርጅናል ከፈለግህ አዲስ አበባ ሂድ»

ምርጫው እዚያ ይሰፋል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሒሳቡን ግን እስከ መጨረሻው አስሉት። ደብረ ብርሃን ለአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሳምንቱ ስክሪኑ መስመር ቢያወጣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱና የባከነው የሥራ ቀን ያተረፋችሁትን ይበላዋል። ለመሐል ሜዳ ሰው ደግሞ ይብሳል። የትም ቢገዛ ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙና የዲስኩ መጠን፣ የሲሪያል ቁጥሩና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። ዋስትናው ባትሪንና ቻርጀርን ይጨምር እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ሻጮች ሁለቱን ያወጧቸዋል፣ ይህንንም የሚናገሩት ባትሪው ሲበላሽ ነው።