ቃል ያልገቡ ልዑካን፦ የአሜሪካ ፓርቲዎች የፕሬዝዳንት እጩ ሲመርጡ ያላቸው ድርሻ

ቃል ያልገቡ ልዑካን የሚባሉት በአሜሪካ ፓርቲዎች ብሔራዊ ጉባኤ ላይ ድምፅ የሚሰጡ፣ ግን የግዛታቸው ቅድመ ምርጫም ሆነ ካውከስ (የፓርቲው ደጋፊዎች ተሰብስበው የሚመርጡበት) ለማንም እጩ ያላሰራቸው ሰዎች ናቸው። በዴሞክራቲክ ፓርቲ በኩል ያሉት በተለምዶ «ሱፐር ዴሊጌት» ይባላሉ፤ ፓርቲው ራሱ «አውቶማቲክ ልዑካን» ማለትን ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሕዝብን ምርጫ የመቀልበስ ሥልጣን እንዳላቸው ተደርጎ ይወራል። ይሁንና ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1984 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በቅድመ ምርጫ ብዙ ልዑካን ያገኘውን ተወዳዳሪ ጥለው ሌላ ሰው አስመርጠው አያውቁም። ጉልበታቸው የታየው በሁለት ቦታ ነው፦ ውድድሩ ሳይጀመር ድጋፋቸውን በማወጅ፣ ሲያልቅ ደግሞ ለአሸናፊው የጎደለውን በመሙላት።

መደበኛው ልዑክ የሚገኘው ከድምፅ ነው። በዴሞክራቶች ደንብ አንድ ተወዳዳሪ በግዛቱ ወይም በኮንግረስ ወረዳው ቢያንስ 15 በመቶ ካገኘ ልዑካኑን በድምፁ ልክ ይካፈላል። በዚህ መንገድ የመጡት ቃል የገቡ ይባላሉ። እነሱም ቢሆኑ እንደ ማሽን የታሰሩ አይደሉም፤ ደንቡ የሚጠይቃቸው የመረጧቸውን ሰዎች ስሜት በቅን ኅሊና እንዲያንጸባርቁ ነው። የማይከዱት በዋናነት የተወዳዳሪዎቹ ዘመቻዎች የስም ዝርዝሩን አስቀድመው ስለሚያጣሩ ነው።

እነማን ናቸው?

ቁጥራቸው የሚበዛው የዴሞክራቲክ ብሔራዊ ኮሚቴ (የፓርቲው አስተዳዳሪ አካል) አባላት ናቸው። ቀጥሎ የፓርቲው የሕግ መወሰኛና የተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ አገረ ገዥዎች፣ እንዲሁም የቀድሞ ፕሬዝዳንቶችን፣ ምክትል ፕሬዝዳንቶችን፣ የምክር ቤት መሪዎችንና የኮሚቴውን ሊቃነ መናብርት የያዘ አነስተኛ ቡድን አለ። ወንበሩ የሚገኘው በሥልጣኑ ስለሆነ የማንም ተወዳዳሪ ዘመቻ አያጣራቸውም። ሁለት ሥልጣን የያዘ ሰውም ቢሆን ድምፁ አንድ ነው።

ድምራቸው በየወሩ የሚለዋወጠው በዚህ ምክንያት ነው። በመጋቢት 2008 የኒው ዮርኩ አገረ ገዥ ኤሊዮት ስፒትዘር ሥልጣን ሲለቁ ድምፃቸውም አብሮ ሄደ። የተኳቸው ዴቪድ ፓተርሰን ደግሞ በብሔራዊ ኮሚቴ አባልነታቸው ቀድሞውንም ልዑክ ነበሩ፤ ስለዚህ ሁለቱም ይደግፏቸው የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን አንድ ድምፅ ጎደለባቸው። በዚያው ዓመት የኮነቲከቱ ሴናተር ጆ ሊበርማን የሪፐብሊካኑን ጆን ማኬይንን በመደገፋቸው ወንበሩን አጥተዋል። ቃል የገባ ልዑክ ቢታመም ወይም ቢቀር ተለዋጭ አለው፤ አውቶማቲክ ልዑክ ግን ተለዋጭ ስለሌለው ካልተገኘ ድምፁ ባዶ ይቀራል።

ክፍፍሉ በየግዛቱ እኩል አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ በ2016 መራጩ ሕዝብ የወሰነው 20 ልዑካን ብቻ ሲሆን ቃል ያልገቡት ከዚያ ይበልጡ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የብሔራዊ ኮሚቴው ሰዎች ብዙዎቹ እዚያው ከተማ ይኖራሉ።

ሥርዓቱ ከየት መጣ?

በ1968 ሂዩበርት ሃምፍሪ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ በቺካጎው ጉባኤ እጩ ሆኑ። ከዚያ ቁጣ የተወለደው የማክገቨርን ፍሬዘር ኮሚሽን ውሳኔውን ከፓርቲ አለቆች እጅ አውጥቶ ለመራጩ ሰጠው። በ1972 ጆርጅ ማክገቨርን ራሳቸው እጩ ሆነው 49 ግዛቶች ተሸነፉ፤ በ1980 ደግሞ ጂሚ ካርተርና ኤድዋርድ ኬኔዲ እስከ ጉባኤው ድረስ ተፋጅተው ፓርቲው ዳግም ተሸነፈ። የፓርቲው ነባር ሰዎች «መድኃኒቱ ከበሽታው ባሰ» ማለት ጀመሩ። በሰሜን ካሮላይናው አገረ ገዥ በጂም ሃንት የተመራ ኮሚሽን በ1982 መልሱን አመጣ፦ የተመረጡ ባለሥልጣናት ያለ ቃል ኪዳን ይግቡ። መጀመሪያ ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ከጠቅላላው 30 በመቶ እንዲሆኑ ነበር፤ በድርድር ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ።

ሦስት ዘመቻዎች

በ1984 ዋልተር ሞንዴል ከጋሪ ሃርት በልጠው የመጨረሻዎቹን ቅድመ ምርጫዎች ቢጨርሱም ለእጩነት የሚያስፈልገው 1,967 ልዑክ አልሞላላቸውም። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ላይ ተቀምጠው ጎደሎውን ከሱፐር ዴሊጌቶች ሞሉ።

2008 የበለጠ ያስተምራል። ክሊንተን ውድድሩን የጀመሩት በሱፐር ዴሊጌት ርቀው ሄደው ነበር፤ የተሰጠ ድጋፍ ግን ሊነሳ ይችላል። የጆርጂያው ጆን ሉዊስ፣ የወከሉት የአትላንታ ወረዳ ለባራክ ኦባማ ካደላ በኋላ፣ በየካቲት ከክሊንተን ወደ ኦባማ ዞሩ፤ የመራጩን ድምፅ አይተው የዞሩት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በግንቦት ኦባማ በሱፐር ዴሊጌት ቆጠራም ቀደሙ። ሁለቱም በቃል የገቡ ልዑካን ብቻ ለእጩነት የሚያስፈልገው 2,118 ሊደርሱ አይችሉም ነበርና ሰኔ 3 በአንድ ቀን ብዙ ሱፐር ዴሊጌቶች ሲያውጁ ጉዳዩ አለቀ። ኃይላቸው ትልቅ የነበረ ቢመስልም የተጠቀሙበት መራጩ የመረጠውን ለማጽደቅ ነው።

2016 ላይ ያበላሸው ቆጠራው ነው። በርኒ ሳንደርስ ኒው ሃምፕሸርን በ60 በመቶ አሸንፈው 15 ልዑካን ሲወስዱ ክሊንተን 9 አገኙ። በግዛቱ ካሉት ሱፐር ዴሊጌቶች ግን ስድስቱ ክሊንተንን ደግፈው ስለነበር ብዙ የዜና አውታሮች ያወጡት ሰንጠረዥ 15 ለ15 አሳየ። እስከ ጉባኤው ድረስ ሊለወጥ የሚችል የቃል ድጋፍ፣ ከተቆጠረ ድምፅ ጋር በአንድ አምድ ተደመረ። ሰኔ 6 ደግሞ፣ የካሊፎርኒያ መራጮች ድምፅ ሊሰጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ አሶሺየትድ ፕሬስ ሱፐር ዴሊጌቶችን ደውሎ ጠይቆ ክሊንተን ለእጩነት የሚያስፈልገውን 2,383 ሞልተዋል ሲል አወጀ። ክሊንተን በቃል የገቡ ልዑካንም ቢሆን በግልጽ ይመሩ ስለነበር ውጤቱ አይቀየርም ነበር። የሳንደርስ ደጋፊዎች ቅሬታ ግን መሠረት ነበረው፤ ገና ከጅምሩ የተሸነፈ የሚመስል ሰው ገንዘብም መራጭም ይሸሸዋል።

ከ2018 በኋላ ያለው አሠራር

ኮሚቴው በነሐሴ 2018 ቺካጎ ላይ ደንቡን ቀየረ። አሁን ነገሩ የሚወሰነው ቃል በገቡት ቁጥር ነው። በ2020 ቃል የገቡት 3,979 ነበሩ፤ ከእነሱ 1,991 ያገኘ ሰው በጉባኤው የመጀመሪያ የድምፅ ዙር እጩ ይሆናል፣ አውቶማቲክ ልዑካኑ በዚያ ዙር ድምፅ አይሰጡም። የሁሉንም ልዑካን አብላጫ የሚያህል ቃል የገባ ልዑክ ያለው ተወዳዳሪ ካለ ግን ይፈቀድላቸዋል፤ ያኔ ድምፃቸው ምንም አይለውጥምና። ማንም አብላጫ ካላገኘ ሁለተኛ ዙር ይከፈታል፣ ሁሉም ድምፅ ይሰጣሉ።

አደገኛው ቦታ ይህ ሁለተኛ ዙር ነው። በየካቲት 2020 በላስ ቬጋሱ የዴሞክራት ተወዳዳሪዎች ክርክር ላይ ብዙ ልዑካን ያለው ሰው አብላጫ ባያገኝም እጩ ይሁን ወይ ተብለው ሲጠየቁ እሺ ያሉት ሳንደርስ ብቻ ነበሩ። ጆ ባይደን በሰኔ ቁጥሩን ስለሞሉ ጥያቄው ሳይፈተን ቀረ። በዴሞክራቶች ጉባኤ ከአንድ ዙር በላይ የሄደው የመጨረሻው ምርጫ የ1952ቱ ነው።

በ2024 ባይደን ሐምሌ 21 ከውድድሩ ሲወጡ ቃል የገቡላቸው ልዑካን ነፃ ሆኑ። ተተኪ ለመሆን የ300 ልዑካን ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ከአንድ ግዛት ከ50 በላይ አይቆጠርም። ካማላ ሃሪስ ብቻ ሞሉ። በዚያው ዓመት በሚሺጋን ከ100,000 በላይ ሰዎች «ለማንም ያልወሰንኩ» በሚለው ምርጫ ላይ ድምፅ ሰጥተው ሁለት ልዑካን ማስገኘታቸውን ከሱፐር ዴሊጌት ጋር የሚያደባልቁ አሉ። እነዚያ በመራጭ ድምፅ የተላኩ ናቸው፤ የሥልጣን ወንበር የላቸውም።

በሪፐብሊካን በኩል

ሪፐብሊካኖች ለሹማምንት ይህን ያህል በር አልከፈቱም። ከእያንዳንዱ ግዛትና ከመሰሎቹ አካባቢዎች ሦስት የብሔራዊ ኮሚቴ አባላት ይገባሉ፤ ድምሩ 168 ነው። እነሱም በአሁኑ ደንብ የግዛታቸው ምርጫ ባለበት ሁሉ በውጤቱ ይታሰራሉ። ያልታሰሩ ልዑካን በዚህ ፓርቲ ውስጥ ትልቁን ሚና የተጫወቱት በ1976 ነው። ፕሬዝዳንቱ ጄራልድ ፎርድ ያልወሰኑትን ወደ ዋይት ሃውስ እየጋበዙ ሲያግባቡ፣ ተፎካካሪያቸው ሮናልድ ሬገን የፔንሲልቬንያን ልዑካን ለመሳብ የግዛቱን ሴናተር ሪቻርድ ሽዋይከርን ምክትላቸው አድርገው አስቀድመው አሳወቁ። ሽዋይከር ለዘብተኛ ስለነበሩ የሚሲሲፒ ወግ አጥባቂዎች ተቆጡ። ፎርድ 1,187 ለ1,070 አሸነፉ።

በ2016 ፔንሲልቬንያ ከነበሯት 71 ልዑካን 17ቱ ለግዛቱ አሸናፊ ሲታሰሩ፣ በየኮንግረስ ወረዳው ሦስት ሦስት ሆነው የተመረጡት 54ቱ ነፃ ነበሩ። በድምፅ መስጫው ላይ የሰፈረው የልዑኩ ስም ብቻ ነው፤ ማንን እንደሚደግፍ አልተጻፈም። ስለዚህ ዶናልድ ትራምፕን የፈለገ መራጭ ከስማቸው ፊት ምልክት አድርጎ፣ ሳያውቀው ለቴድ ክሩዝ ደጋፊዎችም ሊመርጥ ይችል ነበር። ዘመቻዎች የስም ዝርዝር አትመው ያደሉት ለዚህ ነው። በግንቦት ወር መጨረሻ አሶሺየትድ ፕሬስ ትራምፕ የሚያስፈልጓቸውን 1,237 ማለፋቸውን ሲያውጅ፣ ከመስመሩ ያሻገሯቸው ጥቂት ያልታሰሩ ልዑካን ነበሩ።