ቀንን «ፓርስ ማድረግ» ምንድን ነው?

አንድ ሰው ቅጽ ላይ «3/4/2015» ብሎ ጻፈ እንበል። ለኮምፒውተሩ ይህ ገና ቀን አይደለም፤ የስምንት ምልክቶች ሰልፍ ነው። ሰልፉን በታትኖ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን መለየት፣ ከዚያም ሊደመርና ሊቀነስ ወደሚችል ቀን መለወጥ ፓርሲንግ ይባላል።

መበታተኑ ቀላል ነው። ጣጣው የጸሐፊውን ሐሳብ ማወቁ ላይ ነው። ያንኑ ጽሑፍ እንግሊዛዊ ኤፕሪል 3፣ አሜሪካዊ ማርች 4 ብሎ ያነበዋል። አዲስ አበባ ሆኖ የሞላው ሰው ደግሞ ታኅሣሥ 3 ማለቱ ይሆናል፤ ይህም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 12 ቀን 2022 ነው።

ጳጉሜን ብዙም አያሳስበኝም። 13ኛ ወር ሲመጣበት አብዛኛው ፕሮግራም «ስህተት» ብሎ ይጮኻል፤ የጮኸ ስህተት ደግሞ ይታረማል። እኔን የሚያስፈራኝ ጥቅምት 30 ነው። «30/2/2015» በፈረንጅ አቆጣጠር ከተነበበ ፌብሩዋሪ 30 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ድረ ገጾች የሚሠሩበት የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ግን ዓመት፣ ወርና ቀኑን ለየብቻ ቢሰጡት እንቢ አይልም። ትርፎቹን ሁለት ቀናት ወደፊት ገፍቶ፣ ትንፍሽ ሳይል፣ ማርች 2 ቀን 2015 ያደርገዋል። ትክክለኛው ቀን ኖቬምበር 9 ቀን 2022 ነበር።

ሰው እንደፈለገ እንዲጽፍ ከተፈቀደለትማ ሌላም አለ። «ጠዋት 2 ሰዓት» ለእኛ የሥራ መግቢያ ነው፤ ለፕሮግራሙ ሌሊት። ኅዳር፣ ህዳር፣ ሕዳር ለማሽን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው «፲፭» አሥርና አምስት ተደምረው እንጂ እንደ «15» በቦታ አይነበብም።

በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው አይሶ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ደረጃ ዓመትን አስቀድሞ፣ ከዚያ ወርና ቀንን በማስከተል የቅደም ተከተሉን ጭቅጭቅ ይፈታል፤ መነሻው ግን የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የድረ ገጽ አሳሾችም (ብራውዘሮች) ቢሆኑ አንድን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈው ማሳየት ይችላሉ፤ በዚያው አቆጣጠር የተጻፈውን የሚያነብ ግን አብሯቸው አልመጣም። ያንን ፕሮግራመሩ ራሱ ይጽፋል።

እኔ ብሆን አቆጣጠሩን ለብቻው እጠይቃለሁ፣ ወሩን በስሙ አስመርጣለሁ፣ ሰውየው የጻፈውንም እንዳለ አስቀምጣለሁ። ከዚያ የዕለቱን ስም ጨምሬ መልሼ አሳየዋለሁ፦ «ሰኞ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለትዎ ነው?» የሰኞ ቀጠሮ ይዞ «ዓርብ፣ ኤፕሪል 3» የሚል ያየ ሰው ወዲያው ይነቃል።