ስለ ጥንብ አንሳ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በእንስሳት ሕክምና ሥራዬ ከብት ሞተ ተብዬ በተጠራሁበት ሁሉ «በሽታውን የሚያዛምተው አሞራው ነው» የሚለውን ቃል ሳልሰማ የተመለስኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህ እምነት ጉዳት ባያስከትል ኖሮ በዝምታ ባለፍኩት ነበር፤ ነገር ግን በእርሱ ሰበብ ጎጆ ያለባቸው ዛፎች ይቆረጣሉ፣ በበድን ላይ መርዝ ይነሰነሳል፣ እውነተኛው የበሽታ ምንጭ ደግሞ ሳይነካ ይቀራል። በአፍሪካ ከተሞችና ቄራዎች ዙሪያ ዘወትር የሚታየው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኔክሮሲርቴስ ሞናከስ የሚባለው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ የዚህ ስም ማጥፋት ዋና ሰለባ ነው።

ትንንሾቹን ስህተቶች ላስቀድም። ደህናውን ከብት ይገድላል የሚባለው ሐሰት ነው፤ እግሩ እንደ ንስር ለመንጠቅ የሚያስችል ኃይል የለውም። ሞት የቀረበውን አውቆ በላዩ ይዞራል የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ የሚዞረው ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣው አየር እየታገዘ ክንፉን ሳያርገበግብ ወደ ላይ ለመውጣት ነው። ጥንብን ከሩቅ አሽትቶ ያገኛል የሚሉም አሉ፤ በማሽተት የሚታወቁት ግን በአሜሪካ አህጉር የሚኖሩት የቱርኪ አሞራና ጥቂት ዘመዶቹ ሲሆኑ፣ የአፍሪካዎቹ በዐይናቸው ይፈልጋሉ፤ አንዱ ቁልቁል ሲወርድ ያየ ሌላውም ይከተለዋል።

ወደ ዋናው ስህተት እንምጣ። አንድ ጊዜ ላሞቻቸው በድንገት ያለቁባቸው አርሶ አደር ዘንድ ስደርስ፣ ዛፍ ላይ የሰፈሩትን አሞሮች እያሳዩ «ይዩአቸው እንጂ ዶክተር፤ ይህን መዓት ያመጡብን እነዚህ ናቸው» አሉኝ። ከፊታችን የወደቀችው ላም ሆዷ ተነፍቷል፤ ከአፍንጫዋና ከፊንጢጣዋም የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣ ነበር። ይህ የአባ ሰንጋ (አንትራክስ) ምልክት ነው። ስጠይቃቸው፣ መጀመሪያ የሞተችውን ላም ቆዳዋን ገፈው፣ ሥጋዋን ለውሾች ሰጥተው፣ የቀረውን በግጦሹ መካከል ጎትተው እንደ ጣሉት ነገሩኝ። በሽታውን ያዛመተው ይህ ነበር፤ አሞሮቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከሞቱ በኋላ የደረሰ ወፍ የሞቱ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ማስረዳት በሽታውን ከመለየት የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

የጥንብ አንሳ የጨጓራ አሲድ እጅግ ብርቱ በመሆኑ ሌላውን እንስሳ የሚገድሉ ብዙ ባክቴሪያዎች እዚያው ያልቃሉ። ፊቱ ላባ የሌለው መሆኑ ደምና ሥጋ እንዳይጣበቅበት ይረዳዋል፤ ከበላ በኋላም ውኃ ካገኘ ይታጠባል፣ ክንፉን ዘርግቶም ፀሐይ ይሞቃል። ታላላቆቹ ዝርያዎች ቆዳውን ቀደው በልተው ሲጠግቡ፣ ይህ ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ ዳር ቆይቶ ይቀርብና በቀጭን ምንቃሩ በአጥንቶች መካከል የቀረውን የሥጋ ክር እየመዘዘ ያጸዳል። በዚህ ጊዜ ሌላው ከገፋው የገረጣ ፊቱ በቅጽበት ደም ይመስላል። በእግሩና በምንቃሩ ላይ ቆሻሻ ሊይዝ መቻሉ እርግጥ ነው፤ መፍትሔው ግን በድንን ከመጠጥ ውኃ ማራቅ እንጂ ወፉን መግደል አይደለም።

ጥንብ አንሳ ሲጠፋ የሚሆነው በደቡብ እስያ ታይቷል። ለከብት ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለ ማስታገሻ በበድን ውስጥ እየቀረ የወፎቹን ኩላሊት በማጥፋቱ፣ የአንዳንድ ዝርያዎች ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከሉ። በሕንድ የተረፈው ጥንብ ለውሾች ሆነ፤ ውሾችም በዙ። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስተላልፈው ደግሞ ውሻ ነው፤ ጥንብ አንሳ አይደለም።

«ሞልቶ የለም እንዴ፣ ቢሞት ምን ይጎድላል?» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ትንሹን ቡናማ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 እጅግ አስጊ በሆነ የመጥፋት አደጋ ውስጥ ካሉት መድቦታል። በአንድ የመራቢያ ወቅት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ናት፤ ጫጩቱም ለመብረር ወራት ይፈጅበታል። የወፉ ጭንቅላት ዕድል ወይም ፈውስ ያመጣል የሚለው እምነትም ለእልቂቱ ምክንያት ነው፤ በምዕራብ አፍሪካዊቷ አገር ጊኒ ቢሳው እ.ኤ.አ. ከ2019 ማብቂያ እስከ 2020 ድረስ ከ2,000 በላይ የሚሆኑት በመርዝ ሲያልቁ ጭንቅላታቸው የተቆረጡ በድኖችም ተገኝተዋል። በመርዝ የሞተን ወፍ አካል ለመድኃኒት ብሎ መንካት ራስን መመረዝ ነው።

በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ እንስሳ ከሞተ አይገፈፍ፣ አይከፈት፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራና በጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ መርዝ አይደረግ። በአንድ በድን ዙሪያ ብዙ አሞሮች ሞተው ከተገኙ መርዝ መኖሩን ጠርጥሩ፤ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ልጆችንና ውሾችን አርቁ፣ በአቅራቢያችሁ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ወዲያውኑ አስታውቁ።