ኮምቦልቻ ኤርፖርት ላይ አረጋውያንን ከአውሮፕላን ማውረድ

ደሴ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው የተቆረቆረችው። ለማኮብኮቢያ የሚሆን ሜዳ የሚገኘው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኮምቦልቻ ላይ ነው። ስለዚህ የሁለቱም ከተሞች መንገደኛ የሚሳፈረውም የሚወርደውም እዚያው ነው።

ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጣርማ በር በኩል፣ ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ፣ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ። ወገቡን ለሚያመው ሽማግሌ ይህ ስቃይ ነው። በአየር ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ለዚህም ነው ለሕክምና አዲስ አበባ ደርሰው የሚመለሱ፣ ከሐጅ የሚመጡ፣ ልጆቻቸውን ጠይቀው የሚመለሱ አረጋውያን አውሮፕላንን የሚመርጡት። በረራው ይቀላል። የሚከብደው መውረዱ ነው።

በዚህ መስመር በብዛት የሚታየው ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን መጠቀም የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከ70 በላይ ሰው ይይዛል። የፊት በሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ ራሱ ደረጃ ይሆናል። የበሩ ደፍ ከመሬት ከአንድ ሜትር ብዙ አይርቅም። ቦይንግ 737 ላይ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ትንሹ አውሮፕላን ይሻላል። ችግሩ የደረጃው ጥበት ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይወርድበትም። እጅ ለእጅ ተያይዞ መውረድ የለመደ ቤተሰብ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል።

ትኬት ሲቆረጥ የሚጠየቀው ጥያቄ

የሥራው ግማሽ የሚያልቀው ከበረራው በፊት ነው። አየር መንገዶች ዊልቸር ለሚፈልግ መንገደኛ በመላው ዓለም የሚጠቀሙባቸው ሦስት ኮዶች አሏቸው። የሚለዩት በመጨረሻ ፊደላቸው ነው። “አር” የሚባለው ደረጃ መውጣትና መውረድ ለሚችል፣ ረጅም መንገድ መሄድ ግን ለሚከብደው ነው። “ኤስ” ደረጃ ለማይችል፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ግን እስከ ወንበሩ መራመድ ለሚችል ነው። “ሲ” እስከ ወንበሩ ድረስ መታገዝ ላለበት ነው።

ብዙ ቤተሰብ “ዊልቸር ይፈልጋሉ” ብቻ ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ እማማ በሩ ላይ ደርሰው ደረጃውን ሲያዩ ይቆማሉ። ዊልቸሩ ታች ነው፣ እሳቸው ላይ ናቸው። ስለዚህ ትኬት ቢሮ ውስጥ በግልጽ መነገር ያለበት “ደረጃ ይወርዳሉ ወይስ አይወርዱም?” የሚለው ነው። ሲቻል ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ጥሩ ነው። “ሲ” የሆነ መንገደኛ በመተላለፊያው የሚያልፍ ጠባብ ወንበር፣ በደረጃውም የሚያወርዱት ሰዎች ያስፈልጉታል። ይህ ደግሞ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ በሩጫ የሚዘጋጅ ነገር አይደለም።

ከወንበር መነሳት

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲቸገር አይቶ ዝም የሚል ሰው የለም። “እኔን! እኔን!” ብሎ ብብት ሥር ገብቶ ወደ ላይ መሳብ የተለመደ ነው። ልቡ መልካም ነው፣ አያያዙ ግን ይጎዳል። የአረጋዊ ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል። የሚሳብ ሰው ደግሞ ሚዛኑን ያጣል። እኔ ከሁሉ በፊት መለወጥ ያለበት ይህ ልማድ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ መጠየቅ ነው። “አባባ፣ እኔ ልያዝዎት ወይስ እርስዎ ይያዙኝ?” ብዙዎቹ ራሳቸው መያዝን ይመርጣሉ፤ የትኛው ጉልበት እንደሚከዳቸውም ያውቃሉ። ከዚያ ወደ ወንበሩ ጫፍ መምጣት፣ እግሮችን ወደ ጉልበት ሥር መሰብሰብ፣ አፍንጫ ከእግር ጣቶች በላይ እስኪመጣ ወደ ፊት ማዘንበል። ሰውነቱ ሲያዘነብል መቀመጫው ራሱ ይነሳል። ረዳቱ ክንዱን ያቀርባል። ካስፈለገ ወገብ ላይ ቀበቶውን ይይዛል። ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ መቀነትም ለዚህ ጥሩ መያዣ ነው።

ተነስቶ ወዲያው መራመድ አይገባም። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው ድንገት ሲቆም የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ወንበሩን ይዞ ትንሽ ቆሞ፣ “ያዞርዎታል?” ተብሎ ቢጠየቅ መልካም ነው። ሌላው መንገደኛ ቀድሞ ይውረድ። የሚያጣድፍ ከሌለ ሁሉም ይቀላል።

ደረጃው

በሩ ላይ ከመድረስ በፊት ልብስ ይሰብሰብ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ረጅም ቀሚስ፣ ሽርጥ፣ ሁሉም ደረጃ ላይ ይረገጣሉ። ነጠላ ጫማም ያንሸራትታል።

ሲወርዱ አንዱ ረዳት ከፊት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ሰውየው ቢወድቅ ወደ እሱ ነውና። ሌላ ሰው ካለ ከኋላ ቀበቶውን ይይዛል። መንገደኛው አንድ እጁን መደገፊያው ላይ ያደርጋል። ከዘራው በሌላው እጁ ይሁን፣ ካልሆነም ረዳቱ ይያዝለት። ቀድሞ የሚወርደው የሚያመው እግር ነው፤ ሲወጡ ደግሞ የሚቀድመው ጤነኛው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰውነትን ደረጃ ላይ የሚያወጣውም ዝግ አድርጎ የሚያወርደውም ብርቱው እግር ነው። ሁለቱም እግሮች አንድ ደረጃ ላይ ከተገናኙ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ይኬዳል።

መሬት ሲረግጡ ፕሮፔለሩን መርሳት የለም። ከበሩ ወደ ኋላ፣ ክንፉ ላይ ነው ያለው፤ ስፋቱ ከአራት ሜትር በላይ ነው። ሽማግሌውን የያዘ ሰው ዓይኑ እግራቸው ላይ ስለሚሆን ወደ ክንፉ ሊያዘነብል ይችላል። ሠራተኛው ባሳየው መስመር ብቻ መሄድ ነው።

ከዚህም ያነሱት

በኪራይ የሚበሩት ትንንሾቹ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሴስና ካራቫን ከኋላ በኩል መሰላል ያለው በር አለው። ሰው ሁሉ በአንዴ ወደ ጅራቱ ከተሰበሰበ ግን አፍንጫው ሊነሳ ስለሚችል ተራ መጠበቅ ግድ ነው። ባለ አራት ወንበሯ ሴስና 172 በሯ ዝቅ ያለ ነው፤ ክንፏ ግን ከላይ ስለሆነ ቀና ሲሉ ጭንቅላት ይመታል። እዚህ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ መላ ሰውነትን አዙሮ፣ ሁለቱንም እግር ካወጡ በኋላ መነሳት ነው። በሩን ይዞ መነሳት አይቻልም፤ ይወዛወዛል። ክንፋቸው ከታች የሆነው እንደ ፓይፐር ቼሮኪ ያሉት ለአረጋዊ በጣም ይከብዳሉ። ክንፍ ላይ ወጥቶ፣ በሻካራው ጥቁር መርገጫ ብቻ ተራምዶ፣ ፊትን ወደ አውሮፕላኑ አዙሮ መውረድ ይጠይቃሉ። ምርጫ ካለ እነዚህን መተው ነው። በሁሉም ላይ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ፕሮፔለሩ እስኪቆም ማንም ከወንበሩ አይነሳም።

ኮምቦልቻ ላይ ቤተሰብ የሚጠብቀው ውጭ ነው። አረጋዊው ብቅ ሲል ሁሉም ለማቀፍ ይሮጣል። ገና በቅጡ ያልቆመ ሰው ላይ አምስት ሰው ሲንጠለጠልበት አደጋ ነው። መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይሳሙ።

ደሴ ለሚገባ ሰው ሐረጎ ገና ይጠብቀዋል። የሚኒባስ በር መርገጫው ከፍ ያለ ነው፣ አጎንብሶ መግባትም ይጠይቃል። ስለዚህ የቤት መኪና የፊት ወንበር ይሻላል። መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ያስገቡ። ወንበሩ ላይ ለስላሳ ሻርፕ ቢነጠፍ መዞር ይቀላል። ቤት በር ላይ ሲወርዱም ያው ነው፤ ሁለቱም እግር መሬት ሳይነካ ማንም እጃቸውን አይሳብ።