«ጥብቅ ፋሻ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ቁስሏን ለማሳጠብ ጤና ጣቢያ የምትመላለስ እናት «ፋሻው ጠበቀብኝ» ብላ ማታ ብትፈታው አይፈረድባትም፤ ምክንያቱን ሊነግሯት ይገባ ነበር። ከቁርጭምጭሚት በላይ ወጥቶ ለወራት አልድን የሚል ቁስል ብዙ ጊዜ መነሻው ደም መልስ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ነው። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት የደም መልስ ቫልቮች ሲደክሙ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል፤ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ በትንሽ ጭረት ይቆስላል። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ቅባቱ ሳይሆን ግፊቱ ነው፦ ቁርጭምጭሚት ላይ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ወደ ጉልበት እየላላ የሚሄድ።

አስቀድሞ ግን ደምን ከልብ ወደ እግር የሚወስደው ደም ቅዳ ይመርመር፤ እሱ ከጠበበ ጥብቅ ፋሻ እግሩን ደም ሊያሳጣው ይችላል። የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ለክንድ ግፊት ሲካፈል ከ0.8 በታች ከመጣ ይህን ያህል ጥብቅ ፋሻ አይታሰርም፤ ከ0.5 በታች ከሆነ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ይላካል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊያሳስት ይችላል።

ጣት ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ግን ፋሻውን ወዲያው ይፍቱት።