በዕጣ መመደብ ምንድን ነው? «በዘፈቀደ» ግን አትበሉት

ሁለት ሕክምናዎችን ለማነጻጸር ማን የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ ሲወሰን በዕጣ መመደብ ይባላል። ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ አንድ የጥናት ገለጻ ላይ ነበርኩ። ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ የመጡ ሰዎች «በዘፈቀደ ለሁለት ተከፈሉ» ተባለ። እንዴት ብዬ ጠየቅኩ። የካርድ ቁጥሩ ሙሉ የሆነ ቁስሉ ወዲያው ይሰፋል፣ ጎዶሎ የሆነ ለጥቂት ቀን ክፍት ይቆያል።

ይሄ ዕጣ አይደለም። ቃሉም ራሱ ያሳስታል። ዘፈቀደ ማለት ሰው እንደፈቀደ ማለት ነው፤ ዕጣ ደግሞ የማንም ፈቃድ እንዳይገባበት ነው የሚወጣው።

እቁብ የጣለ ሰው ይገባዋል። ስሞቹ በወረቀት ይጻፋሉ፣ ይጠቀለላሉ፣ ይደባለቃሉ። ዋናው ነገር መጠቅለሉ ነው። የካርድ ቁጥር ያልተጠቀለለ ዕጣ ነው። ተረኛው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) ካርዱን እንዳየ ሕመምተኛው የት እንደሚገባ ያውቃል፣ እና ሆዱ ውስጥ መግል የሞላ ሰው ሙሉ ቁጥር ይዞ ሲመጣበት «ይሄ ለጥናቱ አይሆንም» ብሎ ቢያልፈው አልፈርድበትም፣ አዝኖለት ነው። ግን በመጨረሻ የተሰፉት ቀድሞም ሕመማቸው ቀለል ያለ ይሆናሉ። ያመረቀዘው ቁስል ሲያንስ ስፌቱን እናመሰግናለን።

ዕጣው በፖስታ ቢታሸግም ፖስታው ስስ ከሆነ አያድንም። አውስትራሊያ ውስጥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምናን በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ) እና በክፍት (ሆድ ተከፍቶ) የሚያነጻጽር ጥናት ነበር። ሌሊት ላፓራስኮፒ ከወጣ ሲኒየሩን ሐኪም ከእንቅልፉ መጥራት ግድ ነበር። ሬዚደንቶቹ ፖስታዎቹን ወደ መብራት እያነሱ «ክፍት» የሚለውን ይፈልጉ ነበር። የእቁብ ጸሐፊ እንዲህ ሲያደርግ ቢያዝ እቁቡ በዚያው ይፈርሳል።

«በሰው ሕይወት ዕጣ ትጥላላችሁ» ብለህ የጻፍከው ወንድሜ፣ ዕጣ የሚወጣው ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በእውነት ሳይታወቅ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶት፣ ሕመምተኛውም ተነግሮት ሲስማማ ነው። ያለዚያማ የምታገኘው ሕክምና የዚያ ቀን ተረኛ የለመደው ነው። በዘፈቀደ ማለት ያ ነው።

እቁብ ላይ የደረሰህን ዕጣ ለሌላ መሸጥ ትችላለህ። እኛ ጋ፣ በጥናት፣ አይቻልም። በላፓራስኮፒ ተጀምሮ አስቸግሮ ሆዱ የተከፈተ ሰው ሲቆጠር እዚያው ላፓራስኮፒ ውስጥ ነው። አስቸጋሪዎቹን ወደ ክፍቱ ካዛወርናቸው ላፓራስኮፒ ያለ ሥራው ጎበዝ ይመስላል።

ደግሞ ቀዶ ሕክምና ክኒን አይደለም። የሚሠራው ሰው ምን እንደሠራ ያውቃል፣ የእጁ ልምድም ውጤቱ ውስጥ አለ። ስለዚህ ቁስሉን በኋላ የሚያየው ሌላ ሰው ይሁን። ላፓራስኮፒና ክፍትን ሲያነጻጽሩ ማን በየትኛው እንደተሠራ እንዳይታወቅ ሁሉንም በተመሳሳይ ትልቅ ፋሻ የሸፈኑ አሉ፣ ጥሩ ዘዴ ነው። የቁስል ኢንፌክሽን እስከ 30 ቀን ይጠበቃል። የኛ ሰዎች ግን በሳምንቱ ወደየገጠራቸው ይመለሳሉ፣ ስልካቸውም ብዙ ጊዜ የጎረቤት ነው። ጥናት የምትጀምሩ ልጆች፣ ከፖስታው እኩል ለዚያ ስልክ ተጨነቁ።